«ትራንስፈሩ አልቋል» ሲሏችሁ ቶሎ አትግዙ

ጎንደርና ዙሪያዋ አሮጌ ፎር ዊል መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን «ትራንስፈሩ አልቋል፣ ቀይረው» መባሉ አይቀርም። ሂሉክስ ይሁን ላንድ ክሩዘር ፒካፕ፣ ፓትሮል ይሁን ዲፌንደር፣ ደባርቅና መተማ ሲመላለስ የኖረ መኪና ሁሉ ያቺ ቀን ትደርሰዋለች። ከዛ ባለቤቱ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይደውላል፣ አንድ ያገለገለ ትራንስፈር ተጭኖ ይመጣለታል፣ የድሮው ወርዶ የመጣው ሊገጠም ሲል ወይ አልገጥም ይላል ወይ ደግሞ ይገጥምና ድምፁ እንደነበረው ይቀጥላል። ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ ኪሳራ ቀድሞ በመጠየቅና በማየት ብቻ ሊቀር የሚችል ነው። ስለዚህ ዕቃው ምን እንደሚሰራ፣ በእርግጥ ማለቁ በምን እንደሚታወቅ፣ ሲቀየር ደግሞ ምኑ ከምኑ መግጠም እንዳለበት በተቻለኝ መጠን በቀላሉ ላስረዳ።

ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት በፍሪሲዮን አልፎ ካምቢዮ (የዋናው ማርሽ ሳጥን) ይገባል፣ ከካምቢዮው ጀርባ ደግሞ ሌላ የብረት ሳጥን ተገጥሞ አለ፣ ትራንስፈር እሱ ነው። አንድ መግቢያና ሁለት መውጫ አለው፣ አንዱ መውጫ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ሌላው ወደ ፊት ዲፈረንሻል። ዲፈረንሻል ማለት ጉልበቱን ለሁለት እያካፈለ ሁለቱ በተለያየ ዙር እንዲዞሩ የሚፈቅደው ነው። ከዋናው ማርሽ ጎን ያለችው ትንሿ ዘንግ የምታዘው እሱን ነው። ስራው ሁለት ነው፣ የፊት ጎማዎችን ማገናኘትና ማላቀቅ (ፎር ማስገባትና ማውጣት የሚባለው)፣ ሌላው ሃይና ሎው መቀያየር። ሃይ ላይ በብዙዎቹ መኪኖች የገባው ዙር እንዳለ ይወጣል፣ ሎው ላይ ግን ዙሩ ይቀንስና ጉልበቱ ይበዛል። የድሮው ባለ ማርሽ ሂሉክስ ላይ ልዩነቱ 2.28 ነው፣ ማለትም 2.28 ዙር የገባው 1 ዙር ሆኖ ይወጣል፣ ጉልበቱም በዛው ልክ ይጨምራል። የድሮው ፓትሮል 2.02 አካባቢ ነው። ጭነት ይዞ ሊማሊሞን በሎው የወረደ ሹፌር ይሄን ቁጥር ባያውቀውም ጥቅሙን ያውቀዋል፣ መኪናው በሞተሩ ተይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ፍሬኑም አይግልም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ሁለት አይነት ነው። አንዱ ሙሉ በሙሉ ማርሽ ለማርሽ የሚነካካ ነው፣ የድሮ ላንድ ክሩዘርና ብዙዎቹ የድሮ ሂሉክሶች እንደዛ ናቸው። ሌላው ጉልበቱን ወደ ፊት መውጫ በካቴና የሚወስድ ነው፣ ፓጄሮ ለምሳሌ። ባለ ማርሹ ጠንካራ ነው ግን ትንሽ ይጮሃል፣ ባለ ካቴናው ፀጥ ያለ ነው ግን ካቴናው በጊዜ ብዛት ይለጠጥና ሲጫነው ጥርስ እየዘለለ ይደበድባል። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፣ ዘይት ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ለምን ያልቃል? ዋናው ገዳይ አስፋልት ላይ ፎር አስገብቶ መሄድ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይዞራሉ፣ የድሮ ፒካፖች ትራንስፈር ደግሞ መሀሉ ላይ ዲፈረንሻል የለውም፣ ፎር ከገባ ፊትና ኋላ እኩል ካልዞርኩ ይላል። አፈር ወይ ጭቃ ላይ ልዩነቱን ጎማው ትንሽ እየተንሸራተተ ያወጣዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው ስለማይንሸራተት ልዩነቱ መውጫ ያጣል፣ ሻፍቶቹ (ጉልበቱን ወደ ዲፈረንሻሎቹ የሚወስዱት ረጃጅም ብረቶች) እንደሚጨመቅ ጋቢ ይጠመዘዛሉ፣ ማርሹና ኩሽኔታው (የሚዞረውን ነገር የሚሸከመው ቀለበት) ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል። ዘንጓ አልወጣም ብላ የምታስቸግረውም ለዚህ ነው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ስትሉት ጥምዘዛው ይፈታና ትወጣለች። ከስሜን ተራሮች ፓርክ ጠጠር መንገድ ወርዶ ደባርቅ አስፋልት ላይ ሲደርስ ፎሩን ሳያወጣ እስከ ጎንደር 100 ኪሎሜትር ገደማ የሚነዳ ሹፌር ትራንስፈሩን በገዛ እጁ እየበላው ነው። ፊት አዲስ ጎማ ኋላ ያለቀ ጎማ ማድረግም ያው ነው፣ የጎማው ቁመት ከተለያየ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳን ይጠመዘዛል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ትራንስፈር ከሞተርም ከካምቢዮም የተለየ የራሱ ዘይት አለው፣ ሰርቪስ ሲባል ግን አብዛኛው ሰው የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሮ ይሄዳል፣ የትራንስፈሩን ቡሽ ለዓመታት የነካው የለም። ሶስተኛው ውሃ። ሳጥኑ አናት ላይ አየር የሚወጣበት መተንፈሻ አለ፣ እሱ በጭቃ ከተደፈነ በሙቀት የተነፋው አየር በኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) በኩል ዘይት እየገፋ ይወጣል። ይባስ ብሎ ደግሞ የጋለ ትራንስፈር ድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ ቀዝቅዞ በዛው ሲል በኩል ውሃ ይስባል። ክረምት ላይ የደምቢያን ጥቁር ጭቃና በየመንገዱ ያለውን ጎርፍ የሚያቋርጥ መኪና ያለው ሰው ይቺን መተንፈሻ ቢያፀዳና በጎማ ቱቦ ወደ ላይ ከፍ ቢያደርጋት ብዙ ብር ያተርፋል። ቱቦ ነው በቃ፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ያለቀው በእርግጥ ትራንስፈሩ ነው ወይ? ሲነሳና ነዳጅ ሲለቅ «ቋ» የሚል መኪና ሁሉ ትራንስፈሩ አልቋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጎማዎቹን በታኮ አስይዙ፣ ከስር ገብታችሁ ፕሮፔለር ሻፍቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት፣ ክሮቼራው (የሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው መስቀለኛ መጋጠሚያ) ላይ ጨዋታ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ ከትራንስፈር ጋር ሲነፃፀር ዋጋው ምንም አይደለም። ከዛ ሻፍቱ የታሰረበትን የትራንስፈሩን መውጫ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፣ እዛ ጋ በዓይን የሚታይ ንቅናቄ ካለ አዎ የውስጥ ኩሽኔታ ነው። የሞተርና የካምቢዮ ማሰሪያ ጎማዎችንም እዩ፣ የተበጠሰ ማሰሪያ ሞተሩ ሲጫን ሁሉንም ያንቀሳቅሰዋል፣ ማርሽም ያስወጣል። ሎው እየዘለለ ወጣ ብሎ ትራንስፈር የቀየረ ሰው አለ፣ የዘንጓ ስር ያለችው ፕላስቲክ ብቻ ተበልታ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ማርሹ መጨረሻው ድረስ ካልገባ መውጣቱ አይቀርም።

ድምፅ ከሆነ ደግሞ መኪናውን አቁማችሁ የትራንስፈሩን ዘንግ ኒውትራል አድርጉ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ካምቢዮውን ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮን ልቀቁ። መኪናው አይሄድም ግን ካምቢዮውና የትራንስፈሩ መግቢያ ይዞራሉ። ድምፁ እዚህ ላይ ካለ ከካምቢዮው ወይ ከመግቢያው ነው፣ መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከዛ በኋላ ያለው ነገር ነው፣ መውጫው፣ ሻፍቱ፣ ዲፈረንሻሉ።

«ፎር አይዝም» ለሚለው ቀላል ማረጋገጫ አለ። ሜዳ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በታኮ አስይዙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ አንደኛ ማርሽና ፎር አስገቡ፣ የፊት ጎማ ሎኮቹን (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያገናኙትን መቆለፊያዎች) ዝጉ፣ ከዛ አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና በእጅ ለማዞር ሞክሩ። ሁሉም ነገር ጤነኛ ከሆነ ከትንሽ ጨዋታ በላይ አይዞርም። ከዞረ የፊቱን ፕሮፔለር ሻፍት እዩ። ጎማው እየዞረ ሻፍቱ ከቆመ ትራንስፈሩ ይዟል፣ ችግሩ ሎኩ ወይ የፊት አክስሉ ነው። ሻፍቱም አብሮ ከዞረ ትራንስፈሩ ውስጥ ፎሩ አልገባም ማለት ነው። አስር ደቂቃ የማትሞላ ስራ ናት፣ ይሄን ሳያደርግ ቀይር የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

ቀጥሎ ዘይቱን አውርዱ። መጀመሪያ ግን የላይኛውን መሙያ ቡሽ ፍቱ፣ ሁሌም እሱ ይቅደም፣ ምክንያቱም የታችኛውን አውርዳችሁ የላይኛው አልፈታም ቢል መኪናው ያለ ዘይት ቆሞ ይቀራል። ቡሹ ማግኔት ላይ ግራጫ ለስላሳ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው፣ የሚቆረጥም የብረት ቁራጭ ካለ ግን ጥርስ ወይ ኩሽኔታ እየሄደ ነው። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል።

ላንድ ክሩዘር ያላችሁ ሁለት ነገር ለይታችሁ እወቁ። አንደኛ፣ በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መሀል ያለችው ሲል ስታልቅ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ውጭ ላይ አንድ ጠብታ አይታይም፣ ግን አንዱ ይጎድላል ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። የአንዱን ቡሽ ስትፈቱ ዘይት ከፈነዳባችሁ የሌላውን ሳታዩ አትሂዱ። ሁለተኛ፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ሻፍት ጫፍ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጥርሶች አሉ፣ የትራንስፈሩ መግቢያ ማርሽ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነው። እዛ ቦታ ላይ ዘይት በደንብ ስለማይደርስ በአንዳንድ ሞዴሎች ጥርሶቹ ተበልተው ይሳሳሉ፣ ሲነሳና ሲለቅ የሚያጓራው ያ ነው። ቶዮታ በኋላ ማርሹን ዘይት የሚያስገባ ቀዳዳ አድርጎ አሻሽሎታል። እንግዲህ ሻፍቱ የተበላ ሆኖ እያለ አዲስ ትራንስፈር ብትገጥሙ የተበላው የካምቢዮ ሻፍት ስለሆነ ምንም ለውጥ የለም። ትራንስፈሩ በወረደ ሰዓት ያንን ሻፍት በጥፍራችሁ ዳስሱት፣ ጥርሱ ላይ ደረጃ ከሰራ ነገሩ ካምቢዮ ድረስ ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ትራንስፈሩ ነው ከተባለ ምርጫው ማደስ ወይ መቀየር ነው። በኔ እይታ ማርሾቹና የውጭ አካሉ ደህና ከሆኑ ማደስ ይሻላል፣ ኩሽኔታ፣ ሲልና ጋስኬት ነው የሚቀየረው፣ የሚገጥም አይገጥምም የሚል ጭንቀት የለም። ግን ማደስ መለካት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፣ ኩሽኔታዎቹ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለባቸው በቀጫጭን የብረት ቀለበት ይስተካከላል፣ ዝም ብሎ የድሮውን ቀለበት መልሶ የሚገጥም መካኒክ ቶሎ ያስመልሳችኋል። ሳጥኑ ከተሰነጠቀ፣ የማርሽ ጥርስ ከተሰበረ፣ ወይ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቀዳዳ ከሰፋ መቀየሩ ያዋጣል።

እንግዲህ የምትገዙት ምን መሆን አለበት? «የሂሉክስ ነው» የሚል ቃል አይበቃም። የድሮው ሂሉክስ ባለ ማርሽ ትራንስፈር ብቻውን በመግቢያው ጥርስ ብዛት ይለያያል፣ ባለ 21 አለ ባለ 23 አለ፣ እንደ ካምቢዮው አይነት ነው። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት የራሳችሁን አስወርዳችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ለኩ፣ ከዛ ሻጩ የሱን በፎቶ እንዲልክ ጠይቁ። የፊት ሻፍት የሚወጣበት ጎንም ከፊት ዲፈረንሻላችሁ ጎን ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ይሄን ማስተካከያ የለውም። የመውጫው ፍላንጅ (ሻፍቱ የሚታሰርበት ክብ ብረት) ብሎኖች፣ የሳጥኑ ርዝመት (ከተለየ ፕሮፔለር ሻፍቱን ቶርኖ ቤት ማስረዘም ወይ ማሳጠር ከዛም ባላንስ ማስያዝ ሊመጣ ነው)፣ የፎር መብራት ሶኬት፣ የኪሎሜትር መቁጠሪያው ገመድ የሚገባበት ቦታ፣ ይሄን ሁሉ እዩ። መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የተፈታ ከሆነ ዘንጉ ያለበትን ቦታ በተለይ ተመልከቱ።

ሁልጊዜ ፎር የሆነ ትራንስፈር፣ ማለትም መሀሉ ላይ ዲፈረንሻል ያለው፣ ሎክ በሚዘጋና በሚከፈት መኪና ላይ አትግጠሙ የምለው ለዚህ ነው፣ የፊት ሎኩ ተከፍቶ ከተረሳ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ፊት ሻፍት ሄዶ በባዶ ያዞረዋል፣ መኪናው አይነቃነቅም። በጨለማ መንገድ ላይ ይሄ ቢገጥማችሁ ምን እንደሆነ ሳይገባችሁ ታድራላችሁ።

ዲፌንደር ላይ ደግሞ የተለየ ፈተና አለ። የዲፌንደር ትራንስፈር ሃይ ላይ እንኳን 1.41 ነው፣ የዲስከቨሪው ተመሳሳይ ሳጥን 1.22 ነው፣ ይገጥማል፣ ሞተሩም በተመሳሳይ ፍጥነት 13 በመቶ ገደማ ባነሰ ዙር ይሄዳል። ሰዎች ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ይወዱታል። ለጎንደር ግን አልመክረውም። ከተማው ራሱ ከባህር ወለል 2100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በ20 በመቶ አካባቢ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንን ያህል አቅም አስቀድሞ አጥቷል፣ ከዛ ደግሞ ወደ ስሜን ሽቅብ ነው። ጉልበት የሚቀንስ ማርሽ ጨምራችሁ ቁልቁለት ላይ ያተረፋችሁትን ዳገት ላይ ትከፍላላችሁ።

ያገለገለ ዕቃ እጃችሁ ሲገባ መግቢያውን በእጅ አዙሩት፣ ያለ መንጠቅ መዞር አለበት፣ ሎውም ሃይም ፎርም አስገብታችሁ ሞክሩ፣ መውጫዎቹን ነቅንቁ፣ ከውስጡ የቀረችውን ዘይት በጨርቅ ተቀብላችሁ እዩ። ሙሉ በሙሉ ታጥቦ የመጣ ሳጥን እኔን አያስደስተኝም፣ ዘይቱ የሚናገረው ነገር ነበር። የማርሾቹን ጫፍ በክዳኑ በኩል በመብራት እዩ፣ ጫፋቸው የተድበለበለ ከሆነ ሎው እየዘለለ ይወጣል። የመመለሻ ቀን ሳትነጋገሩ ብር አትላኩ።

ማውረዱ ላይ አንድ ነገር በጣም አደራ። ጎንደር ሜዳ የሆነ ጋራዥ ማግኘት ከባድ ነው፣ ፕሮፔለር ሻፍት ከተፈታ በኋላ ማርሽ ውስጥ መተው መኪናውን አይዘውም፣ ሞተሩ ከጎማ ጋር ተለያይቷልና። ይባስ ብሎ ዲፌንደርና አንዳንድ የድሮ ላንድ ክሩዘር የእጅ ፍሬናቸው ትራንስፈሩ ጀርባ ላይ ነው፣ ሻፍቱ በተፈታበት ቅጽበት የእጅ ፍሬንም የለም። ከስር ሰው እያለ። ስለዚህ ሻፍት ከመነካቱ በፊት አራቱም ጎማ በትልቅ ታኮ ይያዝ፣ መኪናው ከተነሳም በክሪክ ብቻ አይታመን፣ ጠንካራ መቆሚያ ይግባለት።

ከዛ ባትሪውን ንቀሉ፣ ዘይቱን አውርዱ፣ ሻፍቱና ፍላንጁ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ እንደነበረ ካልተመለሰ ንዝረት ሊያመጣ ይችላል። ሽቦውን፣ የኪሎሜትር ገመዱን፣ ዘንጓን ፍቱ። ካምቢዮውን ከስር ደግፋችሁ የመሀል ተሸካሚውን ብረት ስታወጡ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ከፊት በኩል ቬንቲሌተሩ ከሽፋኑ እንዳይነካ ሰው ይመልከት። ሳጥኑ 40 ኪሎና ከዛ በላይ ሊመዝን ስለሚችል በደረት ላይ ማውረድ የሚሉትን ጀግንነት ተዉት፣ በካምቢዮ ክሪክ ወይ በሰንሰለት ይውረድ። በአንዳንድ ላንድ ክሩዘሮች ከኋላ ያለው ክዳን ተከፍቶ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለችው ተቀጥቅጣ የተቆለፈች ዳዶ ካልወጣች ሳጥኑ አይላቀቅም፣ አልወጣም ሲል በመዶሻ የሚመታው ሰው ሳጥኑን ይሰነጥቀዋል።

ሲገጠም የመሀሏ ሲል አዲስ ትሁን፣ ዋጋዋ ትንሽ ናት፣ እሷን ለመቀየር ደግሞ እንደገና ሁሉንም ማውረድ ነው። የኪሎሜትር መቁጠሪያዋን ትንሿን ማርሽ ከድሮው አውጥታችሁ ወደ አዲሱ አሻግሯት፣ ያለዛ ፍጥነቱ የተሳሳተ ሊያሳይ ይችላል። ዘይት ባለ ማርሹ ላይ 75-90 የማርሽ ዘይት ነው የሚገባው፣ ባለ ካቴና ብዙ ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ የመኪናውን መፅሐፍ እዩ። ዘይቱ ወደ ካምቢዮ የሚያልፍበት መኪና ከሆነ ጂኤል 5 ከማለት ጂኤል 4 (ዕቃው ላይ የሚፃፍ የዘይት ደረጃ ነው) ይሻላል፣ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች የማይበላው እሱ ነው። መጠኑ ከመሙያው ቀዳዳ ትንሽ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ነው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ።

ሙከራው አፈር መንገድ ላይ ይሁን። ሃይ፣ ከዛ ፎር፣ ቆማችሁ ደግሞ ሎው፣ በሎው ዳገት ወጥታችሁ ቁልቁለት ነዳጅ ለቃችሁ ውረዱ፣ የሚዘል ካለ እዛ ላይ ይዘላል። ተመልሳችሁ ሳጥኑን በእጅ ዳስሱ፣ ሞቅ ማለቱ ምንም አይደለም፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ጠብቋል ወይ ዘይት ጎድሏል። ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ ዘይቱን አውርዳችሁ በአዲስ ተኩ፣ ብሎኖቹንም አንድ በአንድ እዩዋቸው።

የወረደውን አሮጌ ሳጥን ደግሞ ለቆራሌ አትስጡ። ፍላንጁ፣ ሹካዎቹ፣ ክዳኑ፣ የፎር መብራት ስዊቹ ደህና ከሆኑ በዘይት ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ እነዚህ ነጠላ ነጠላቸውን ሲፈለጉ የማይገኙ ዕቃዎች ናቸው።